ዘይቱን ራሳችሁ ቀይሩ፣ ደረሰኙን ግን አትጣሉ

መኪናው ገና 48,000 ማይል ነው። ሞተሩ ግን መንኳኳት ጀምሯል። የሞተርና የካምቢዮ ዋራንቲው እስከ 60,000 ማይል ስለሚዘልቅ ባለቤቱ ብዙም ሳይጨነቅ ወደ ዲለር ይወስደዋል። እንግዳ ተቀባዩ ኮምፒውተሩን አየት ያደርግና «ዘይት የት ነው የምትቀይረው?» ይለዋል።

«ራሴ ነኝ የምቀይረው፣ ቤቴ በር ላይ።»

«ወረቀት አለህ?»

ነገር የሚከረው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ባለነው ሐበሾች መሃል በዚህ ጉዳይ ሁለት ወሬ ይዞራል። አንደኛው «ከዲለር ውጭ ዘይት ከቀየርክ ዋራንቲህን እርሳው» ይላል። ሁለተኛው «ሕጉ ካንተ ጋር ነው፣ ምንም አያመጡም» ይላል። የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ሁለተኛው እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ይደብቃል። ሕጉ ዘይቱን ራሳችሁ የመቀየር መብት ይሰጣችኋል። ዘይቱ በእርግጥ መቀየሩን ግን ሕጉ አይመሰክርላችሁም።

ከመብቱ እንጀምር። ማግነሰን-ሞስ የሚባለው የፌዴራል የዋራንቲ ሕግ የወጣው በ1975 ነው። ቁም ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ኩባንያ «ዋራንቲህ የሚጸናው የእኔን ዕቃ ከገዛህና እኔ ጋ ካሠራህ ብቻ ነው» ማለት አይችልም። እንዲህ ለማለት ወይ ዕቃውንና ሥራውን በነጻ መስጠት አለበት፣ ወይ ኤፍቲሲ ከተባለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ዘይቱን የሰፈር ጋራዥ ቢቀይረውም፣ ራሳችሁ ከመኪናው ሥር ተጋድማችሁ ብትቀይሩትም፣ በዚህ ብቻ ዋራንቲው አይወድቅም።

ኩባንያዎቹ ይህን ሁልጊዜ ያከብራሉ ማለት አይደለም። በ2015 ኤፍቲሲ የቢኤምደብሊው ሰሜን አሜሪካን ሚኒ ክፍል ከሰሰው። ክሱ ባለመኪናዎችን «የሚኒ ዕቃና የሚኒ ዲለር ካልተጠቀማችሁ ዋራንቲ የለም» ብሏል የሚል ነበር። ነገሩ በስምምነት አለቀ። በ2018 ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣ። ህዩንዳይ ከስድስቱ አንዱ ነበር። በ2022 ደግሞ ተራው የሞተር ሳይክል ሠሪው የሃርሊ-ዴቪድሰን ሆነ። እንግዲህ ዲለር ቤት የቆመ ሰው «እዚህ ካልቀየርክ ዋራንቲህ ይሰረዛል» ካላችሁ፣ ወይ ሕጉን አያውቀውም፣ ወይ ሰርቪስ ሊሸጥላችሁ ነው።

ኩባንያው እምቢ ለማለት ብልሽቱን ያመጣው የእናንተ ዕቃ ወይም የእናንተ ሥራ መሆኑን ማሳየትም አለበት። የመስኮት ሞተር ሲበላሽ «እስቲ የዘይት ደረሰኝ አምጣ» ማለት አያስኬድም። ሁለቱ ምንም አይገናኙም። ራዲዮው፣ የኤሲው ኮምፕሬሰር፣ የበሩ ቁልፍ፣ እነዚህ ሁሉ ከዘይት ቅያሪ ጋር ጉዳይ የላቸውም።

ሞተር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። መኪናው ሲገዛ የሚሰጠው የዋራንቲ ቡክሌት «በአግባቡ ሰርቪስ ባለመደረጉ የመጣ ብልሽት አይሸፈንም» የሚል አንቀጽ አለው። ይህ ሕጋዊ ነው። ዲለሩ የቫልቩን ክዳን ይከፍትና ጥቁር፣ ቅባት የመሰለ ዝቃጭ ያያል። ፎቶ ያነሳል። ከዚያ «ይህ ዘይቱ ሳይቀየር የቆየ ሞተር ነው» ብሎ ለኩባንያው ይጽፋል። እሱ ፎቶ ይዟል። እናንተ ምን ይዛችኋል? «በእግዚአብሔር፣ በየጊዜው እቀይራለሁ» የሚለው ቃላችሁ ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

የቶዮታ የዝቃጭ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ከ1997 እስከ 2002 ሞዴል ባሉ አንዳንድ ካምሪ፣ ሲየና፣ አቫሎንና ሌክሰስ መኪኖች ሞተር ውስጥ ዘይቱ እየረጋ ጄል መሆን ጀመረ። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ጥፋቱን ወደ ባለመኪናዎቹ አዞረ፣ ዘይት በጊዜው አልቀየራችሁም አለ። ብዙዎቹ ግን ደረሰኛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ጩኸቱ እየበረታ ሲሄድ ቶዮታ በ2002 ወደ 3.3 ሚሊዮን ለሚጠጉ መኪኖች ልዩ ሽፋን አወጣ። መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን አንስቶ ለ8 ዓመት፣ ያለ ማይል ገደብ የሚሠራ ሽፋን ነበር። እዚያም ላይ ቢሆን ባለቤቱ መኪናውን ለመንከባከብ መጣሩን እንዲያሳይ ይጠበቅበት ነበር። ችግሩ በሞተሩ ላይ መሆኑ እየታወቀ እንኳ ወረቀቱ አልቀረም።

አሁን ከኛ ሰው ጋር በቀጥታ ወደሚገናኘው ነገር ልምጣ። ይህ ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ ነው።

አዲሶቹ የቶዮታ ሞተሮች 0ደብሊው-16 ወይም 0ደብሊው-20 የሚባል ቀጭን ሲንተቲክ ዘይት ይጠቀማሉ። መመሪያው ዘይቱን በየ10,000 ማይሉ ወይም በየ12 ወሩ፣ ቀድሞ በመጣው ቀይሩ ይላል። ብዙ ሰው ይህችን አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል። ከዚያው ገጽ ብዙም ሳይርቅ ግን «ልዩ የአነዳድ ሁኔታ» የሚል ክፍል አለ። አቧራማ መንገድ፣ ተጎታች መሳብ፣ በብርድ ወቅት ከ5 ማይል ያነሰ ተደጋጋሚ ጉዞ ተዘርዝረዋል። ከዚያ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ረጅም ጊዜ መቆምና በዝግታ ብዙ መንዳት ይመጣል። ምሳሌው ሳይቀር ተጽፏል፦ ፖሊስ፣ ታክሲ፣ ቤት ለቤት ዴሊቨሪ። ለእነዚህ የዘይት ቅያሪው በየ5,000 ማይሉ ወይም በየ6 ወሩ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ስንቱ ወገናችን ነው ኡበርና ሊፍት የሚነዳው? ስንቱ ነው ኤርፖርት ወረፋ ላይ ኤሲ ከፍቶ ሞተር ሳያጠፋ የሚጠብቀው? እንዲህ የሚሠራ ሰው በየ10,000 ማይሉ እየቀየረ፣ ደረሰኙንም አንድ በአንድ ይዞ፣ ዲለር ፊት ሊሸነፍ ይችላል። ደረሰኙ ራሱ ይመሰክርበታላ! ከመጽሐፉ እጥፍ እንደዘገየ በገዛ እጁ አስረክቧል። ስለዚህ መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት የትኛው ሰንጠረዥ እንደሚመለከታችሁ እወቁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የአንዳንድ ኩባንያዎች ረጅም ዋራንቲ ለንግድ ሥራ የዋለ መኪናን ጭራሽ አይሸፍንም። የህዩንዳይ የ10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የሞተርና የካምቢዮ ዋራንቲ ታክሲንና ዴሊቨሪን ከሽፋኑ ያወጣል። መኪና ገዝታችሁ ወዲያው ሥራ ላይ ልታወጡት ካሰባችሁ፣ ይህችን ገጽ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቧት።

ወደ መዝገቡ እንሂድ። አንድ ደረሰኝ ብቻውን የሚያሳየው ዘይት መግዛታችሁን ነው። ለየትኛው መኪና እንደገዛችሁ፣ ቀይራችሁ ወይስ ጋራዥ ጥግ አስቀምጣችሁት አይናገርም። የራሳችሁ ማስታወሻ ብቻውን ደግሞ የሚያሳየው መጻፋችሁን ነው። የማይል ፎቶም ብቻውን የዳሽቦርድ ፎቶ ነው። ጉልበት የሚኖራቸው ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው። የኔ ማስታወሻ ቢሆን እንዲህ ይነበባል፦

«ቅዳሜ ማርች 15, 2025። 47,920 ማይል። 0ደብሊው-16 ሙሉ ሲንተቲክ፣ 4.8 ኳርት። ፊልትሮ አዲስ፣ የማፍሰሻው ሮንዴላ አዲስ። ዕቃው ማርች 9 የተገዛ፣ ደረሰኝ ቁጥር 7። ፎቶ አለ። የሠራሁት ራሴ።»

ሁለት መስመር ናት። ግን እያንዳንዱ ቃል ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው። መቼ? በስንት ማይል? በምን ዓይነት ዘይት? መጽሐፉ ባዘዘው መጠን? ፊልትሮውስ? 4.8 ኳርት የሚለው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ከ2018 ወዲህ ያለው የካምሪ 2.5 ሊትር ሞተር ከነፊልትሮው የሚወስደው መጠን ነው። 5 ኳርት የገዛ ሰው ደረሰኝ ከዚህ ጋር ይገጥማል። 6 ኳርት የሚወስድ ሞተር ይዞ የአንዲት ባለ 5 ኳርት ጀሪካን ደረሰኝ ብቻ የሚያቀርብ ሰው ግን «የቀረችውስ?» መባሉ አይቀርም።

ኮስትኮ ሁለቱን ጀሪካን በአንድ ላይ ነው የሚሸጠው። ርካሽ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ደረሰኝ ሁለት ቅያሪ ይሸፍናል ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ «ግማሹ ለማርች፣ ግማሹ ለሴፕቴምበር» ብላችሁ ካልጻፋችሁ፣ ከዓመት በኋላ ራሳችሁም ግራ ትጋባላችሁ። ፊልትሮውን በየቅያሪው ለየብቻ መግዛት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የፊልትሮው ደረሰኝ የየራሱ ቀን ስለሚኖረው ሁለተኛውን ቅያሪ ይደግፋል።

ደረሰኙን የዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ መክተት ግን ተዉት። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ሁለት ክረምትና በጋ መኪና ውስጥ ከከረመ ነጭ ወረቀት ነው የሚቀራችሁ። ከሱቁ ስትወጡ በስልክ ፎቶ አንሱት። አውቶዞንን በመሰሉ የዕቃ ሱቆች በስልክ ቁጥራችሁ ተመዝግባችሁ ከገዛችሁ፣ ግዢው በስማችሁ ይቀመጣል። በኢሜይል የሚመጣ ደረሰኝማ ከሁሉም ይሻላል፣ አይደበዝዝም።

ፎቶውን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። የዳሽቦርዱ ማይል፣ አዲሱ ፊልትሮ በቦታው፣ የዘይቱ ጀሪካን ከፊት መለያው ጋር፣ እና አንድ ፎቶ የሻንሲ ቁጥሩ ከመስታወቱ ሥር የሚታይበት ይበቃል። ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። ሆንዳ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ሜንተናንስ ማይንደር የሚሉትን አስታዋሽ ወደ 100 ከመለሳችሁ በኋላ እሱንም አንሱት።

ማስታወሻውን ሁልጊዜ በዕለቱ ጻፉት። ዲለር «አምጣ» ካለ በኋላ አንድ ማታ ተቀምጦ የአራት ዓመት ቅያሪ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ፣ ሁሉንም በክብ ቁጥር፣ 10,000፣ 15,000፣ 20,000 እያሉ መሙላት አለ። ይህን የሚያይ ሰው ሁሉም በአንድ ማታ እንደተጻፈ ያውቃል። እውነተኛ መዝገብ የተዝረከረከ ነው። 15,240 ይላል፣ ዘይት የነካው ጣት አሻራ አለበት፣ አንዱ በሰማያዊ አንዱ በጥቁር ተጽፏል። ንጹሕ እንዲሆን አትልፉ።

ሌላው የኛ ጉዳይ ካሽ ነው። አገር ቤት አብዛኛው ሰው የሚነዳው ዋራንቲው ያለቀ ያገለገለ መኪና ስለነበር ከመካኒክ ደረሰኝ መቀበል ልማድ አልሆነብንም። እዚህም መጥተን የምናውቀው ሐበሻ መካኒክ ጋ እንሄዳለን፣ ይሠራልናል፣ በካሽ እንከፍላለን፣ ቡና ተጋብዘን እንወጣለን። ደረሰኝ መጠየቅ አለማመን ይመስለናል። ይሉኝታ ይይዘናል። ሰውየውም በእርግጥ ጥሩ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ማስረጃ የለም።

ይሉኝታው ካስቸገራችሁ ዘዴ አለው። ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ውሰዱለት፣ እሱ የእጁን ዋጋ ይቀበል። ማታ ላይ ቴክስት ላኩለት፦ «ወንድሜ፣ ዛሬ የካምሪዬን ዘይት በ52,140 ማይል ስለቀየርክልኝ እግዜር ይስጥልኝ።» እሱም «ምንም አይደል» ብሎ ይመልሳል። ቀን አለው፣ ማይል አለው፣ የሠራው ሰው መልስ አለው። የጋራዥ ኢንቮይስ ያህል ባይሆንም ከባዶ እጅ በብዙ ይሻላል። ማኅተም ያለው ጋራዥ ከሆነ ግን ኢንቮይሱን ያለ እፍረት ጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩና ማይሉ ይጻፍበት።

ዲለሩ ኮምፒውተሩን ሲያይ ባዶ የሚሆንበትም ምክንያት ይኸው ነው። ትልልቅ የዘይት ቅያሪ ሰንሰለቶችና ብዙ ጋራዦች የሠሩትን ሥራ ካርፋክስ ወደሚባለው የመኪና ታሪክ መዝገብ ይልካሉ። እናንተ በር ላይ የሠራችሁት እዚያ አይታይም። ባዶው ቦታ ማስረጃ አይደለም፣ ጥርጣሬ ግን ያመጣል።

የራስ ሥራ የሚያመጣው ጣጣም አለ፣ እሱን መደበቅ አይገባም። የዘይት ዓይነት ተሳስቶ መጨመር፣ ከመጠን በላይ መሙላት፣ የማፍሰሻውን ቡሎን ሳያጠብቁ መሄድ። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ የድሮው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሲቀርና አዲሱ በላዩ ሲታሰር ነው። ሁለት ጎማ ተደራርቦ አይይዝም። ሃይዌይ ላይ ስትወጡ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተንጠፍጥፎ ይፈስሳል፣ ሞተሩም ያበቃለታል። ይህን የሚሸፍን ዋራንቲ የለም፣ መኖርም አይጠበቅበትም። የድሮውን ፊልትሮ ስታወጡ ጎማው አብሮ መውጣቱን እዩ። እኔ እሱንም ፎቶ አነሳዋለሁ።

እሺ፣ ሁሉም ተደርጎ «እምቢ» ቢሏችሁስ? ዲለሩ ዋራንቲ ሰጪ አይደለም፣ ዋራንቲ የሰጠው ኩባንያው ነው። የፊት ጠረጴዛው ሰውዬ ቃል የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። እምቢታውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ጠይቁ። ከዚያ የኩባንያው ደንበኞች አገልግሎት ጋ ደውላችሁ የጉዳይ ቁጥር አስከፍቱ። «ሞተሩን ፈተን እንየው» የሚል ወረቀት ሲያቀርቡላችሁ ደግሞ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት ቆም በሉ። ዋራንቲው ካልተፈቀደ የመፍቻውን ሂሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ የተፈታ ሞተር ይዞ ወደ ሌላ ቦታ መሄድም ቀላል አይደለም። ዘይቱ ከመፍሰሱ በፊት በንጹሕ ጠርሙስ ትንሽ ናሙና እንዲቀመጥላችሁ ጠይቁ። ዘይት የሚመረምሩ ላብራቶሪዎች አሉ፣ ዋጋቸውም ከአንድ ዲለር ሰርቪስ አይበልጥም።

ከዚያ በላይ ከሄደ ብዙ ኩባንያዎች የሚሳተፉበት የቢቢቢ አውቶ ላይን የሽምግልና ሥርዓት አለ። ጠበቃም አለ። የማግነሰን-ሞስ ሕግ ባለመኪናው ካሸነፈ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን ወጪ ኩባንያው እንዲከፍል ማዘዝ ይችላል። አንዳንድ ጠበቆች ያለ ቅድሚያ ክፍያ ጉዳዩን የሚይዙት ለዚህ ነው። ግን ጠበቃውም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንኑ ነው፣ ወረቀት።

አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ሁሉ እንዳለ እንዳትወስዱት። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 461/2010፣ እስከ ሜይ 2028 የተራዘመው፣ የሚጠብቀው በዋናነት ነጻ ጋራዦችን ነው። በር ላይ ዘይት ለሚቀይር ሰው የአሜሪካውን ያህል አያስተማምንም። እዚያ የጋራዥ ኢንቮይስ ይዞ መገኘቱ ይሻላል።

በስልክና በፖስታ እየጨቀጨቁ የሚሸጡት «ኤክስቴንድድ ዋራንቲ» ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ስሙ ዋራንቲ ቢሆንም የአገልግሎት ውል ነው፣ የምትዳኙትም በውሉ ነው። አንዳንዱ ሰርቪሱ ፈቃድ ባለው ጋራዥ ብቻ ይሠራ ይላል፣ ያን ጊዜ የራሳችሁ መዝገብ ምንም ያህል ቢያምር ላይረዳችሁ ይችላል። በ2024 ኤፍቲሲ ካርሺልድን በአሳሳች ማስታወቂያ ከሶት ኩባንያው ከአጋሩ ጋር 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ኩባንያው ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና የሚጠራበት ሪኮል ግን በተቃራኒው ነው። የደኅንነት ሪኮል ከሆነ የዘይት ደረሰኝ የሚጠይቃችሁ የለም፣ ጥገናው በነጻ ነው።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች ደግሞ ከቁልፉ ጋር አብራችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። ቀሪው ዋራንቲ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ባለቤት ይተላለፋል፣ ቢያጥርም እንኳ። የህዩንዳይና የኪያ የ10 ዓመቱ ሽፋን ለሁለተኛ ገዢ ወደ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይወርዳል። ሞተሩ ሲነካ ግን «ከዚህ በፊትስ ዘይቱ ተቀይሯል?» የሚለው ጥያቄ ለእናንተ ነው የሚቀርበው። ሻጩ «ራሴ ነበርኩ የምቀይረው» ካላችሁ ደረሰኞቹን እዚያው አስልካችሁ በስልካችሁ ተቀበሉ። ምንም የለኝም ካለ፣ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።